የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ በገዛ እጄ፦ ያበላሸኋቸው ዘጠኝ አፎች

የፍሬን ፔዳሉ አንድ ጠዋት ከወትሮው ዝቅ ብሎ ያዘ። እምቢ አላለም፤ ግን እግሬ የለመደውን ቦታ አጣው። ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን ሳይ ከታችኛው ምልክት ሥር ወርዷል። መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ፣ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ከሻንሲው ሥር የብረት መቆሚያ ደግፌ በጀርባዬ ገባሁ። ከኋላ ጎማው አጠገብ ቱቦው በፕላስቲክ ማሠሪያ የታቀፈበት ቦታ ረጥቧል። ማሠሪያውን ሳላቅቀው ለዓመታት የተጠራቀመ ጭቃ ወረደ፤ ብረቱን በጥፍሬ ብፍቀው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ጎን ለጎን የሚሄደው የነዳጅ ቱቦም ገና አላፈሰሰም እንጂ መልኩ ያው ነው።

አንድ የማውቀው ሰው «የበሰበሰውን ቆርጠህ በቀለበት መገጣጠሚያ ቀጥለው» አለኝ። ያ ዓይነቱ መገጣጠሚያ ቱቦውን በጉልበት ጨብጦ የሚይዝ ነው፤ ለውሃ ይበቃል። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ግን በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት 100 ባር አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ጎማ እንኳ የሚነፋው በ2 ባር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቱቦዎች ከዳር እስከ ዳር ልቀይር ወሰንኩ። ለዚህች አሮጊት የሚሆን ተሠርቶ ያለቀ ቱቦ ስላጣሁ፣ መሥራቱም የእኔው ዕዳ ሆነ።

በመጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው መዳብ ላይ ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ በቀላሉ ይታጠፋል። ነገር ግን ንጹሕ መዳብ በንዝረት ብዛት እየደረቀ ሄዶ ይሰነጠቃል፤ ለፍሬን አይሆንም። አይዝጌ ብረት በተቃራኒው ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ግን እንደ እኔ ያለ ጀማሪን መሣሪያውንም እጁንም ይፈትናል። የገዛሁት የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ሆነ፤ ከ10 እጅ አንድ እጅ ገደማው ኒኬል ነው፣ አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል። ቮልቮ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪኖቹ ላይ ሲጠቀምበት ኖሯል። ለፍሬኑ የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊሜትር፣ ለነዳጁ 8 ሚሊሜትር የሆነውን ወሰድኩ።

የሥራው ሁሉ ፍሬ ነገር ያለው ግን በቱቦው የመጨረሻ 5 ሚሊሜትር ላይ ነው። እዚያ ጎማም የለ፣ ማጣበቂያም የለ። የቱቦው አፍ እንደ ጥሩምባ ይከፈታል፤ ቱቦው በውስጡ የሚያልፍበት ዳዶ ከኋላ እየገፋ ብረትን ከብረት ጋር ያጣብቀዋል። ይህን ጥሩምባ ባለሙያዎች ፍሌር ይሉታል። የእኔ መኪና ድርብ ፍሌር ነው የምትጠቀመው፦ አፉ መጀመሪያ እንደ አረፋ ያብጣል፣ ከዚያ የአረፋው ጫፍ በ45 ዲግሪ ሾጣጣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ድርብ ይሆናል። አረፋው ላይ የሚያበቃውን ዓይነት የሚጠቀሙ መኪኖችም ብዙ ናቸው። ሁለቱ አይለዋወጡም፤ የዳዶው ጥርስ ገጥሞ እንኳ አፉ መቀመጫው ላይ አያርፍም። የአሮጌውን ቱቦ አፍ ቆርጬ በኪሴ ይዤው የዞርኩት ለዚህ ነው።

ዳዶው ራሱ ሊያታልለኝ ነበር። የእኔው ባለ 10 ሚሊሜትር ሆኖ በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚሊሜትር ያለው ነው። ያመጣሁት እሽግ ውስጥ ግን ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ተቀላቅሎበታል። ስፋቱ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን አይለይም። በእጅ ይገባል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ የፍሬን ሲሊንደሩን ጥርስ ይበላዋል። የለየሁት አሮጌውንና አዲሱን ጥርስ ለጥርስ ገጥሜ ወደ ብርሃን በማየት ነው፤ መካከላቸው ብርሃን ካለፈ ዘመዳሞች አይደሉም።

ወደ ማበላሸቱ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አፎች ያበላሸሁት በሰጌቶ ቆርጬ ነው፤ ጫፉ ዘመመ፣ ፍቅፋቂው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የቱቦ መቁረጫ ተጠቀምኩ፤ እሱም ቢሆን በትንሽ በትንሹ ካልጠበቀ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል፣ ወደ ውስጥም ስለት ያለው ከንፈር ይተዋል። ያንን ከንፈር በሹል ነገር መላግ፣ የውጩን ጠርዝ በሞረድ ማለስለስ ግድ ነው፤ ፍቅፋቂው እንዳይገባ አፉን ወደ መሬት ደፍቶ። ሦስተኛው አፍ የሚያምር ሆኖ ወጣ፤ ዳዶውን ቀድሜ ቱቦው ላይ ማስገባት ግን ረስቻለሁ። ያ ስሕተት የሚደርሰው አንድ ጊዜ ነው ይላሉ፤ እኔ ላይ ሁለት ጊዜ ደረሰ።

አምስተኛው ተንሸራተተ። ፍሌር ማውጫ መሣሪያው ቱቦውን የሚጨብጥበት ብረት ደረቅ፣ ሾጣጣው ደግሞ የተቀባ መሆን ሲገባው፣ እኔ ሁሉንም ቀብቼዋለሁ። በዚያ ላይ እጄ የሄደው ወደ ሞተር ዘይት ነበር። የሞተር ዘይት በፍሬን ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣል፤ ለሾጣጣው ጠብታ የፍሬን ዘይት ይበቃል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ከመጨበጫው የወጣው ርዝመት ስላልተስተካከለ አንድ ጎናቸው ወፈረ፤ ለካ ልኩ እዚያው መሣሪያው ላይ አለ፣ የትንሿ አረፋ ማውጫ ብረት ትከሻ ውፍረት። ስምንተኛው ከልክ በላይ ስለጠበቀ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ አምስት ጥሩ አፎች በተከታታይ ካላወጣሁ ዋናውን ቱቦ አልነካም አልኩ፤ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ።

ማጠፉን ከአፉ ይልቅ ወደድኩት። አሮጌውን ቱቦ መሬት ላይ አጋድሜ መልኩን ተከተልኩ፤ የተሰበረበትን ቦታ በሽቦ ሞላሁ፣ ርዝመቱን በክር ለካሁ። እየጠቀለልኩ ያጠፍኩት ክብ ነገር ላይ ነው፤ በባዶ እጅ ጠበቅ ካለ ቱቦው እጥፋቱ ላይ ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀ ደግሞ አይመለስም። ከጭስ ማውጫው አራቅሁት፣ በየ30 ሳንቲሜትሩ ገደማ አሠርኩት፤ በየዳሩም ጥቂት ሳንቲሜትር ትርፍ በልል ኩርባ ተውኩ። ያ ትርፍ ኋላ አወጣኝ።

የነዳጁ ቱቦ ቀለል ይላል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅዬ፣ ግፊቱን አብርጄ፣ ደጅ ላይ ሠራሁት። ከጎማ ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ያንኑ መሣሪያ ተጠቅሜ አረፋው ላይ አቆምኩ፤ ያቺ እብጠት ፋሻታ (የብረት ማጥበቂያ ቀለበት) የጨበጠው ጎማ ሾልኮ እንዳይወጣ ትይዘዋለች። ጎማው ለኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጅ በግፊት ለሚረጭበት ሞተር፣ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለካርቡራተር የሚሆነው 3 ባር እና ከዚያ በላይ የሆነውን ግፊት አይታመንበትም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይመጥጣል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን በ155 ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ያልተከፈተ ጠርሙስ ያዝኩ፤ ቀለም ስለሚልጥም ጨርቅ አነጠፍኩ። ቱቦው ሲፈታ የገባውን አየር ማውጣት የጀመርነው ከማስተሩ፣ ፔዳሉ ከሚገፋው ዋና የፍሬን ሲሊንደር፣ ከሚርቀው ጎማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ከሥር።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ።»

የአየር ማውጫውን ብሎን ሳልዘጋው እግሩን አነሣ፤ ያወጣነው አየር ተመልሶ ተሳበ።

«እስክነግርህ አትልቀቅ አላልኩህም?»

«ጋሼ፣ መቼ ነገርከኝ?»

አልነገርኩትም ነበር። እንደገና ጀመርን።

ፔዳሉ ጠንክሮ ቆመ። ማታውን በየመገጣጠሚያው ሥር ነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ትቼ፣ ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ ወንድሜ በሙሉ ኃይሉ ሲረግጥ ከሥር ተኛሁ። ሁሉም ደረቅ ነው፤ የኋላ ግራው ብቻ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ርጥበት ይዟል። ማጥበቅ አማረኝ፤ ግን ዳዶው በቂ ጠብቋል። ፈትቼ አፉን በእጅ ባትሪ ሳየው ከንፈሩ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች። ማታ የሠራሁት የመጨረሻው ነበር፤ ሞረዱን ዘልዬዋለሁ።

ቆረጥኩት። 2 ሳንቲሜትር አጠረ፤ ልሉን ኩርባ ትንሽ ሳቀናው ደረሰ። አዲሱን አፍ ስሠራ ዳዶውን መጀመሪያ ነው ያስገባሁት።