የሐሙሱ ሻወር

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሆም ኬር እሠራለሁ። ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ምግብ ማቅረብ፣ የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ ነው ሥራዬ። እዚህ ያለ ሐበሻ ያውቀዋል፤ ወይ ራሱ ሠርቶታል ወይ እህቱ ትሠራዋለች። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ በጥር ወር፣ ሐሙስ ቀን ነው።

ክላየንቴ፣ ማለት የምንከባከባቸው ሰው፣ ስልሳን ያለፉ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። ኤም ኤስ አለባቸው፤ ሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። የታወቀባቸው በ34 ዓመታቸው፣ ገና ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በዚያው ዕድሜ፣ ከ20 እስከ 40 ባለው ነው። ሴቶችንም ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል።

መጀመሪያ አካባቢ ግራ ገብቶኝ ነበር። ማክሰኞ ከዘራ ይዘው ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ረቡዕ ስኒ ማንሳት ያቅታቸዋል። ፊታቸው ያው፣ ድምፃቸው ያው። የማታዋ ሠራተኛ "ሲፈልጉ ይችላሉ እኮ" አለችኝ። እኔም በልቤ አመንኳት። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያን ሐሙስ ገና ስገባ "ዛሬ ደክሞኛል፤ ሻወሩ ቢቀርስ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ያደግሁት ፍልውሃ አካባቢ ነው። እናቴ ወገቧን ባመማት ቁጥር ይዛን ትሄድ ነበር። አዲስ አበባ ራሷስ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ያንን ፍል ውሃ ወደው አጠገቡ ቤት ስላሠሩ አይደል? ሙቅ ውሃ ድካም ያወጣል፤ ለእኔ ይሄ ጥያቄ የለውም። ኬር ፕላኑ፣ ማለት የእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ "ለብ ባለ ውሃ" የሚል ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። እንዳይቃጠሉ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

"ኧረ ይሻልዎታል፣ ይቀልዎታል" ብዬ አግባባኋቸው። ውሃውን ሞቅ አደረግሁት። እንፋሎቱ እንዳይወጣ በሩን ዘጋሁ። ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ "ፊትሽ አይታየኝም" አሉኝ። ከወንበሩ ላነሳቸው ስል እግራቸው ከዳቸው። እኔ እጮሃለሁ፤ እሳቸው ክንዴን ይዘው "አትጩሂ። ውሃውን አቀዝቅዢው። በሩን ክፈቺ" ይሉኛል። ያረጋጉኝ እሳቸው ናቸው።

ነርሷ ጋ ደወልኩ። እሷ በስልክ እየነገረችኝ ቀዝቀዝ ያለ ፎጣ አንገታቸው ላይ አደረግሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዓይናቸው ጠራ፣ ከዚያ እግራቸው ታዘዘላቸው።

ነርሷ በማግስቱ መጥታ አስረዳችኝ። በኤም ኤስ የሰውነት የራሱ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቮቹን ልባስ ይልጣል። የሚልጠው በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰርና ከዓይን በሚመጣው ነርቭ ላይ ነው። የተላጠ ነርቭ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ መልእክቱን እንደምንም ያደርሳል። የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ እንኳ ከፍ ሲል ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ይህንን ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ኤም አር አይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች የጠረጠሩትን ሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገብተው ይመረምሩ ነበር። ምልክቱ ከባሰ ኤም ኤስ ሊሆን ይችላል ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። ያንን ምርመራ እኔ ሳላውቅ ደግሜባቸዋለሁ።

ደግነቱ ሙቀቱ አዲስ ጉዳት አያመጣም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ መውደቅ አለ። አገር ቤት ኤም ኤስ ያለበት ዘመድ ካላችሁ፣ ፍልውሃ ወይም ወሽባ ከመውሰዳችሁ በፊት እባካችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

እኔ ጉዳዩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ያን ሐሙስ ማታ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ፒያኖ ትጫወት ነበር። ሌላ ስቴት ናት፤ በቪዲዮ ሊያዩዋት ሳምንቱን ሙሉ ጠብቀዋል። ከሻወሩ በኋላ ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸው ተኙ። አላዩዋትም።

በነጋታው ይቅርታ ስጠይቃቸው አልተቆጡም። "ያለኝን ጉልበት ለማታ አስቀምጬው ነበር" አሉኝ። "አንቺ ጠዋት አወጣሽብኝ።"

ኤም ኤስ ያለባቸው ሰዎች ከምንም በላይ የሚያማርሩት ይህንን ድካም ነው። ተኝተህ የምትነሳበት የኛ ዓይነት ድካም አይደለም። ከውጭ አይታይም፣ ስለዚህ ሰው አያምንህም። መድኃኒት አለ፤ የመጀመሪያው፣ ኢንተርፌሮን ቤታ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፣ ከዚያ ወዲህም ብዙ ተጨምሯል። መድኃኒቱ ሕመሙ እንዳይገረሽ ያግዛል። የተላጠውን ግን መልሶ አያለብስም። ዛሬ ያለችው ጉልበት ለምን እንደምትውል የሚወስነው ባለቤቷ ነው፣ ወይም እንደ እኔ ያለ ሰው ይቀማታል።

አሁን ስገባ መጀመሪያ የምጠይቃቸው "ዛሬ ጉልበትዎን ለምን ነገር እንቆጥብ?" ብዬ ነው። አንዳንዴ ለቤተ ክርስቲያን ይሉኛል። አንዳንዴ ለእህታቸው ስልክ። ሻወሩን ማታ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በሩ ገርበብ ብሎ አደረግነው። ጠዋት መሆን አለበት ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ለሺፍታችን ስለሚመች ነበር።

መጋቢት ላይ ልጅቷ እንደገና ተጫወተች። የዚያን ቀን መታጠብ አልፈለጉም፤ መዝገቡ ላይ "አልፈለጉም" ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ተኙ። ማታ የቤቱን ማሞቂያ አስቀነሱኝና እኔ ጃኬቴን ደርቤ ስልኩን ያዝኩላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን እየቆጠሩ አዳመጡ። ልጅቷ ጨርሳ "እንዴት ነበር?" አለቻቸው።

"መሃል ላይ ቸኮልሽ" አሏት። "እንደገና ከመጀመሪያው አሰሚኝ።"