ቀለም ያልያዘው ቸርኬ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የአሮጌዋን ኮሮላዬን አራት የአልሙኒየም ቸርኬዎች ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ አስቀባሁ። ስረከባቸው ያንጸባርቁ ነበር፤ ይሁን እንጂ መስቀል ሳይደርስ ቀለማቸው በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ጀመር።

ተቆጥቼ ወደ ጋራዡ ከመመለሴ በፊት የተላጠውን ቀለም ገልብጬ አየሁት። ከቀለም በፊት የሚቀባው ቀዩ ዝገት መከላከያ፣ አንቲረስት፣ ከቀለሙ ጀርባ ተጣብቆ መጥቷል፤ ከሥሩ የቀረው አልሙኒየም ደግሞ እንደ አዲስ ድስት ያብረቀርቃል። ከቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት ባገኝ ኖሮ እርጥበት ገብቶ አልሙኒየሙን በልቶታል እል ነበር፤ ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ መገኘቱ ግን የመጀመሪያው ንብርብር ያን ጊዜም ቢሆን ጨርሶ እንዳልያዘ ይመሰክራል።

አልሙኒየም ፊቱ በተፋቀ ቅጽበት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ፣ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ የሚሆን ስስ ሽፋን ይለብሳል። የብረት ዝገት እየተቀረፈ ሲረግፍ ከሥሩ ያለውን ብረት ያጋልጣል፤ ይህ ሽፋን ግን አልሙኒየሙን አጥብቆ ይዞ ይጠብቀዋል። ለተራ ቀለም ግን ጥሩ መያዣ አይሆንም። እኛ ዘንድ የበር ብረትም ሆነ ቸርኬ «መጀመሪያ አንቲረስት ይቀባ» ማለት እንደ ሕግ ተቆጥሯል፤ አንቲረስት ግን ስሙ እንደሚናገረው ለሚዝግ ብረት የተሠራ ነው።

በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ሥራውን ራሴ ጀመርኩ። ጎማዎቹን አስወልቄ፣ ቸርኬዎቹን በላርጎና በሙቅ ውኃ ከፊትም ከኋላም አጠብኳቸው፤ የፍሬን ጥቀርሻ በብዛት የሚከማቸው ማንም በማያየው በጀርባቸው በኩል ነውና። ቀጥሎ ቅባት ማስለቀቂያ ተጠቀምኩ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ቅባቱ ሳይለቅ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ አያስወግደውም። ሁለት ጨርቅ ያስፈልጋል፤ በአንደኛው ፈሳሹን ቀብቶ፣ ሳይተን በፊት በሌላ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይገባል፤ ፈሳሹ በራሱ ከደረቀ የሟሟው ቅባት እዚያው ተመልሶ ይቀመጣል። ንጽሕናውን ያረጋገጥኩት ንጹሕ ውኃ በማፍሰስ ነበር፤ ውኃው ሳይቆራረጥ ፊቱን ሁሉ ካለበሰ ቅባቱ ለቋል፤ እንደ ጤዛ ከተንከባለለ ገና ነው። ሦስተኛው ቸርኬ ሦስት ጊዜ አድክሞኛል።

ከዚያ በ180 ጀምሬ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ። ጎረቤቴ የብረት ሽቦ ብሩሽ ሊያውሰኝ ፈልጎ ነበር፤ አመስግኜ መለስኩለት። የብረቱ ብናኝ አልሙኒየሙ ውስጥ ይሰካል፤ እርጥበት ሲያገኝ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ሆነው የሚጎዳው አልሙኒየሙ ነው።

ለፕራይመሩ፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ ለሚቀባው ንብርብር፣ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት፣ አልሙኒየሙን በጥቂቱ በልቶ የሚይዝ ኤቺንግ ፕራይመር ነው፤ ሌላው ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀል ኤፖክሲ ነው። አንዱን በሌላው ላይ መደረብ የተሻለ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አሲዱ የኤፖክሲውን መጠንከር ሊያውክ ስለሚችል፣ አምራቹ ካልፈቀደ በስተቀር አይደረግም። እኔ ኤፖክሲውን መረጥኩ፤ ከተፈተገም በኋላ ሳላሳድር በዚያው ቀን ቀባሁት።

ቀለሙን የረጨሁት ረፋድ ላይ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ እርጥበት ባዘለበት ሰዓት፣ ቶሎ የሚተን ቲነር ፊቱን ስለሚያቀዘቅዘው ጠል ይይዝና ቀለሙ ነጣ ብሎ ይደነግዛል። ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን የመጨረሻውን ቀለም የለሽ ሽፋን፣ ክሊሩን፣ ግን ለባለሙያ ሰጠሁ፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አስም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን፣ ከእኔ ዘንድ ያለው የጨርቅ ማስክ ምንም አይመክተውም። ይህን እያወቁም ያለ መከላከያ ቀኑን ሙሉ ሲረጩ የሚውሉ ወጣቶችን ሳይ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የጎማ ዳዶዎቹ የሚቀመጡባቸውን ቀዳዳዎችና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን ፊት በወረቀት ሸፍኜ ሳይቀቡ ተውኳቸው። በዚያ መካከል ወፍራም ቀለም ቢኖር ሲነዳ እየተፈጨ ይሳሳና የጠበቀው ዳዶ ይላላል። ይህ የማማር ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጎማዎቹን ያስገጠምኩት ክሊሩ አንድ ሳምንት ከደረቀ በኋላ ነው። ጎሚስታውን ባላንስ ሲያደርግ ጠርዙ ላይ በመዶሻ የሚመታውን ክብደት ትቶ በውስጥ በኩል የሚለጠፈውን እንዲጠቀም ለመንኩት፤ ቀለሙ የሚሰነጠቀውና እርጥበት እንደ ትል እየተጠማዘዘ ከሥሩ የሚገባው ከዚያ ምት ስለሚጀምር ነው። ሦስቱን በልመናዬ መሠረት ሠራልኝ። በአራተኛው ላይ ስልክ ስመልስ በልማዱ መታበት፤ ዛሬ ነጭ ዱቄት ብቅ ያለው በዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ ብቻ ነው።