ጌይኑ መጨረሻ ዝቅ ብሎም የሚሰነጠቅ ከበሮ

ዛሬ ለጥገና የመጣው ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ችግሩ አንድ ነው፦ ጌይኑ፣ ማለትም የማጉያው መጠን፣ እስከ መጨረሻው ዝቅ ተደርጎም ከበሮ በኮንደንሰር ማይክ (ኤሌክትሪክ የሚፈልግ፣ ጠንካራ ሲግናል የሚያወጣ ማይክ) ሲቀዳ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ክዳኑ ሲከፈት ያለው ዛት (THAT) 1510 የተባለው የማጉያ ቺፕ ነው። ጌይኑን የሚወስነው አንድ ሬዚስተር ብቻ ነው፦ 10 ኪሎ ኦም ለሬዚስተሩ ይካፈልና 1 ይደመርበታል። ይህ ሬዚስተር የጌይን ማዞሪያው ነው፤ ትልቁ 5 ኪሎ ኦም ስለሆነ ዝቅተኛው ጌይን 3 እጥፍ፣ ማለትም 9.5 ዲሲቤል ነው፤ ለከበሮ ይበዛል። በ25 ኪሎ ኦም ማዞሪያ ቢቀየር ወደ 3 ዲሲቤል ይወርዳል፤ ግን ከፍተኛው ጌይን ሁሉ ጥግ ላይ ይጨናነቅና ማስተካከል ያስመርራል። (ሪቨርስ ሎግ፣ ማለትም ይህን መጨናነቅ የሚያቃልል ዓይነት ማዞሪያ፣ ካልተገኘማ ባይነኩት ይሻላል።) እዚያው ቦታ ላይ የሚገባው ዛት 1512 ይቀላል፤ ከከፍተኛውም ከዝቅተኛውም ጌይን 6 ዲሲቤል ይቀንሳል።

ለከበሮ ግን እሱም ላይበቃ ይችላል። ያኔ ፓድ (ሲግናሉን ቺፑ ጋ ሳይደርስ የሚቀንሱ ሬዚስተሮች) ነው፦ ለማይኩ ኤሌክትሪክ ከሚያደርሱት የፋንተም ሬዚስተሮች በኋላ፣ ያ ኤሌክትሪክ ወደ ቺፑ እንዳያልፍ ከሚያግዱት ካፓሲተሮች በፊት፣ በየመስመሩ 680 ኦም፣ ከዚያ በሁለቱ መስመሮች መካከል 150 ኦም። 20 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። 680ዎቹ ባለ 1 ፐርሰንት ይሁኑ፤ ከተለያዩ ሃም (የመብራት መስመር እምምታ) ይገባል። 150ውን ደግሞ ወደ ግራውንድ እንዳትበይዱት።