የገደል ማሚቶ በአንድ ቻናል

የሠራሁትን የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ሪሚክስ፣ ማለትም የነባር ዜማ አዲስ ቅንብር፣ ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ወደ ኪቦርዱ ሳልዘረጋ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው፤ አራት ወር ወስዶብኛል። ከዚህ በፊት የሠራኋቸውን ሳዳምጥ በየመሃሉ "ይህችን ብቻ ላስተካክል" እያልኩ አቋርጥ ነበር፤ ትናንት ግን ዝም ብዬ ሰማሁ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ፣ የተማርኩትን ሳልረሳው ልጻፈው።

ስለ አጀማመሬ ብዙ የምለው የለኝም። ልጅ ሳለሁ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ሙዚቃ ከጨዋታዎቹ አስበልጬ እወድ ነበር፤ አንዳንዱን ደረጃ ሆን ብዬ ሳልጨርስ ገጸ ባሕሪውን አቁሜ ዜማው ሲደጋገም እሰማለሁ። ቀጥሎ የአድናቂዎች ሪሚክስ መጣ፤ ያው ዜማ በኦርኬስትራ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በፒያኖ ብቻ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የአድናቂዎችን ቅንብር እየመዘነ በነፃ የሚያሰራጨውን የኦቨርክሎክድ ሪሚክስን ስብስብ ሌሊት ሌሊት እሰማ ነበር። ከዚያ ለድሮ የጨዋታ መሣሪያ ሙዚቃ የሚጻፍበትን፣ ፋሚትራከር የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩና ሁለት ዓመት ያህል የማይረቡ ነገሮች ሠራሁ። የመጀመሪያው ልምምዴ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው፣ ጌም ቦይ በሚባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ የሚጫወቱት የቴትሪስ ዋና ዜማ ነበር። ይህ ዜማ ራሱ ሪሚክስ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው፦ ኮሮቤይኒኪ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያ ሕዝብ ዘፈን ነው፤ ለዚያች ትንሽ መሣሪያ ያቀናበረው ሂሮካዙ ታናካ ነው። ሪሚክስ የሌላውን ላብ መብላት ነው ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ሁሉም ሪሚክስ ሪሚክስ አይደለም፤ በዚህ አቋሜ አልለሳለስም። ዋናውን ቅጂ እንዳለ አስቀምጦ ከሥሩ የዳንስ ከበሮ መደለቅ ቅንብር አይባልም። አቀናባሪው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ለዜማው አቅርቦ መልስ ማግኘት አለበት። የእኔ ጥያቄ ይህ ነበር፦ በማሚቶ የተነከረ ሙዚቃ ማሚቶ በሌለው የድሮ ጨዋታ መሣሪያ የድምፅ ቺፕ ላይ መቆም ይችላል?

የመረጥኩት ዴቪድ ዋይዝ ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ (እ.ኤ.አ. 1994) ለሚባለው ጨዋታ የሠራውን የውኃ ውስጥ ደረጃ ሙዚቃ ነው። የሰማችሁት ታውቁታላችሁ፤ ዜማው ከሩቅ፣ ከውኃው ሆድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ጨዋታው የወጣበት መሣሪያ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ስምንት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያጫውታል፤ በድምፅ ክፍሉ ውስጥ ማሚቶ የሚሠራ ክፍል አብሮ ተገንብቶለታል። እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ ይህን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ወደ ወጣው ፋሚኮም የሚባል የቀድሞ የኒንቴንዶ መሣሪያ ቺፕ ማውረድ ፈለግኩ። አብዛኛው አድናቂ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሄዳል፤ ከቺፕ ወደ ኦርኬስትራ። መንገዱ ያማረ ነው፤ ግን መቶ መሣሪያ በእጁ ያለ ሰው ምን እንደሚተው ለመወሰን አይገደድም። እኔን የሚስበኝ መተው ነው።

የፋሚኮም ቺፕ አምስት ቻናሎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ የሚያወጡ መስመሮች፣ አሉት። ሁለቱ አራት ማዕዘን ሞገድ የሚያወጡ ናቸው፤ ዜማና ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) የሚያርፉት እነሱ ላይ ነው። ሦስተኛው ሦስት ማዕዘን ሞገድ ነው፤ ለቤዝ ይውላል፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረጊያ ግን የለውም፤ ወይ ይሰማል ወይ ይጠፋል። አራተኛው እንደ ነፋስና እንደ ማዕበል የሚሿሿው ነው። አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን ያጫውታል፤ እሱን ባዶ ተውኩት፤ የተቀዳ ድምፅ ካስገባሁ ጥያቄዬን የሸሸሁት ይመስለኛል። እንግዲህ አስቡት፦ ቤዙ እየደከመ መሄድ ስለማይችል ማሚቶ አይሆንለትም። ማሚቶው ከሁለቱ የአራት ማዕዘን ቻናሎች መውጣት አለበት፤ እነዚያው ሁለቱ ደግሞ ዜማውንና ኮርዱንም መሸከም አለባቸው።

ለአራት ወር የታገልኩት ከዚህ ጋር ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁሉም ሰው የሚሞክረውን ነው። ዜማውን በአንደኛው ቻናል ጻፍኩ፤ ያንኑ ገልብጬ በሁለተኛው ቻናል ጥቂት ረድፍ አዘግይቼ፣ ድምፁን ቀንሼ አስቀመጥኩ። በፋሚትራከር ኖታዎች ከላይ ወደ ታች በረድፍ ይጻፋሉ፤ ፍጥነቱን 6 ላይ ካደረጋችሁት አንድ ረድፍ 6 ፍሬም (ትንሿ የጊዜ እርምጃ) ይወስዳል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ስላለ አንዱ ረድፍ 100 ሚሊ ሰከንድ ነው። እኔ አንዱን ምት ስምንት ረድፍ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። አራት ረድፍ ሳዘገየው ማሚቶው ልክ በምቱ ግማሽ ላይ እያረፈ ሌላ ዘፋኝ የገባ መሰለ። ሁለት ረድፍ ሲሆን ደግሞ መንተባተብ ሆነ። ሦስት ረድፍ ላይ ግን ከምቱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ስለሚወድቅ ጆሮ "ይህ ዜማ አይደለም፣ የዜማው ጥላ ነው" ብሎ ይለየዋል። ስለዚህ ሦስት ረድፍን እመክራለሁ፤ ቢያንስ ለዝግተኛ ዜማ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ግራ አጋባኝ። አንድ ኖታ ረዘም ሲል ማሚቶው ገና ባላለቀው ኖታ ላይ ይደርብና ሁለቱ ቻናሎች አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ያኔ ሞገዶቹ እንደተገናኙበት ሁኔታ ድምፁ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቦረቦራል። ያው ፋይል፣ ያው ኖታ፣ የተለያየ ውጤት። የጆሮ ማዳመጫዬ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ተውሼ ነበር። መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ የዜማውን ሞገድ ስፋት 50 በመቶ፣ የማሚቶውን 12.5 በመቶ አደረግኩ፤ ቀጭኑ ሞገድ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የማሚቶውን ቅኝት በአንድ ቁጥር ብቻ አዛነፍኩት። 440 ኸርዝ አካባቢ ይህች አንድ ቁጥር ከ2 ኸርዝ ያነሰ ልዩነት ስለምታመጣ፣ ሁለቱ ድምፆች ሲገናኙ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። የውኃ ውዝዋዜ ማለት ነው! ያን ሌሊት ጮኼ ሰው ቀሰቀስኩ።

ደስታዬ ዜማው ወደ ላይ እስከሚወጣ ድረስ ነበር። ቺፑ የድምፁን ቅጥነት የሚወስነው በመቁጠሪያ ነው፤ ድምፁ ሲቀጥን ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ለ440 ኸርዝ መቁጠሪያው 253 ነው፤ ለ1760 ኸርዝ ግን 62 ወይም 63 ነው። ስለዚህ ላይኛው ቦታ ላይ ያችው አንድ ቁጥር ወደ 28 ኸርዝ ልዩነት ታመጣለች፤ ከአንዱ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት ከሩብ ይበልጣል። ታች የሚያባብለው ውዝዋዜ ላይኛው ቦታ ሲደርስ መጋዝ ይሆናል። ቁጥሯን ለሁለት መክፈል አይቻልም፤ ከእሷ በታች ምንም የለም። ሦስት ሳምንት ያህል ይህችን ቦታ በተለያየ መንገድ ለመሸፈን ስሞክር ቆየሁ። ዜማውን በአንድ ኦክታቭ አወረድኩት፤ ነፍሱ ወጣች። የማሚቶውን ድምፅ እስከማይሰማ ቀነስኩት፤ ደረቀ። ፋይሉን ዘግቼ ሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም።

ስመለስ ተስፋ በመቁረጥ አንድ ነገር አደረግኩ፦ ላይኛው ቦታ ላይ የዜማውን ኖታዎች አሳጠርኳቸው፤ ማሚቶው ከመምጣቱ በፊት ዝም እንዲሉ። ሁለቱ ካልተደራረቡ አይጣሉም ብዬ ነው። ሠራ። መጋዙ ጠፋ። ፋይሉን አፍጥጬ ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አንዱ ቻናል ሲናገር ሌላው ዝም፣ ሌላው ሲናገር ያኛው ዝም። ታዲያ ሁለት ቻናል ምን ያደርግልኛል? ኖታውን ቁረጥ፤ በባዶው ቦታ ቀደም ብሎ ያለፈውን ኖታ በዝቅተኛ ድምፅ እዚያው ቻናል ውስጥ ጻፍ፤ ቀጥል። ጆሮ ሁለቱን አይቀላቅልም፤ አንዱ ዜማ፣ ሌላው ማሚቶ መሆኑን በድምፁ ከፍታ ብቻ ይለያል።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። የድሮዎቹ አቀናባሪዎች በዚህ ዘዴ ሲሠሩ ኖረዋል፤ እኔም የእነሱን ፋይሎች ብዙ ጊዜ ከፍቼ በዜማው መካከል የተሰገሰጉ ደካማ ኖታዎች አይቻለሁ። ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ራሴ እስክቸገር ድረስ ለምን እንደተቀመጡ አልገባኝም።

በሱፐር ኒንቴንዶም ማሚቶ በነፃ አልነበረም። የድምፅ ማኅደሩ (ሜሞሪው) በጠቅላላው 64 ኪሎባይት ነው፤ ማሚቶውን በ16 ሚሊ ሰከንድ ለማስረዘም 2 ኪሎባይት ይከፈላል፤ ረጅሙ የ240 ሚሊ ሰከንድ ማሚቶ 30 ኪሎባይት ይበላል። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። እዚያ አቀናባሪው ለማሚቶው መሣሪያዎቹን ይሰዋል፤ እዚህ የኖታዎቹን ርዝመት። ይህን ካሰብኩ በኋላ ኖታ መቁረጥ አላሳዘነኝም።

ሁለተኛው ቻናል ነፃ ስለወጣ ኮርዱ ገባ። ስለ ኮርድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሦስት ኖታዎችን በአንድ ቻናል በፍጥነት ማፈራረቅ ኮሞዶር 64 በሚባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር ዘመን እነ ማርቲን ጋልዌይና ሮብ ሃባርድ ሦስት ድምፅ ብቻ ባለው ቺፕ ላይ ያስተማሩን ድንቅ ዘዴ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ሙዚቃ አይሆንም። በየፍሬሙ ሲፈራረቅ ይነዝራል፤ ለጦርነት ደረጃ ያምራል፣ ለውኃ ግን አይሆንም። እኔ እያንዳንዱን ኖታ ስምንት ፍሬም አቆይቼ እንደ በገና ቀስ ብሎ እንዲፈስ አደረግኩት። የሚሿሿውን ቻናል ደግሞ በየአራት ምቱ ቀስ ብሎ እንዲያብጥና እንዲሟሽሽ አድርጌ ማዕበል ሠራሁበት። ከበሮ የለም።

ቤዙ ከፍ ብሎ ዜማውን ሲጫነው ደግሞ ከባዶው አምስተኛ ቻናል እርዳታ አገኘሁ። የዚያ ቻናል ውጤት ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ተሰቅሎ ሲቆይ የሦስት ማዕዘኑ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ቺፑ ድምፆቹን የሚቀላቅልበት መንገድ እንዲያ ነው። በፋሚትራከር ዜድ 7ኤፍ (Z7F) የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ፤ ልዩነቱን ትሰማላችሁ።

ስለ ማዳመጥ የምናገረው ይኖረኛል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ንጹሕ አይደለሁም። ዜማን ከቪዲዮ ላይ ሰምቶ ለመገልበጥ መልፋት ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። የጨዋታውን የድምፅ ማኅደር እንዳለ የያዘውን የኤስፒሲ ፋይል አግኙ፤ በማጫወቻው ስምንቱን ድምፆች አንድ በአንድ ዝጉና ክፈቱ። በቀን አራት ባር (ምቶች የሚቧደኑበት የሙዚቃ ክፍል) ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጆሮ ይደክምና የሚፈልገውን መስማት ይጀምራል። ይህን ምክር ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ። ለዜማውም ተከትዬዋለሁ። የቤዙን መስመር ግን አንድ አድናቂ ካዘጋጀው የሚዲ ፋይል (ድምፁን ሳይሆን ኖታዎቹን የያዘ) ገልብጬ ነው ያስገባሁት፤ ቸኩዬ ነበር። ከወር በኋላ ድምፆቹን ለይቼ ሳዳምጥ ሁለት ቦታ ላይ ስህተት አገኘሁበት፤ እነዚያን ኖታዎች ስንት ጊዜ "ልክ ናቸው" ብዬ እንደሰማኋቸው ሳስብ ይቆጨኛል። አሁን መስመሩን በሙሉ በጆሮዬ እየመለስኩ ነው፤ ዘጠኝ ባር ቀርቶኛል።

አንድ ያልተፈታ ቦታ አለ። ከ33ኛው ባር ጀምሮ ዜማው አንዱን ከፍተኛ ኖታ ይዞ አራት ምት ሙሉ ይቆያል። እዚያ ኖታውን ብቆርጠው ዜማው ይሞታል፤ ባልቆርጠው ማሚቶው ቦታ የለውም። ለጊዜው ኮርዱን አስወጥቼ ማሚቶውን ሳላዛንፍ በሁለተኛው ቻናል አስገብቼዋለሁ፤ ኮርዱ ሲጠፋ ግን ወለሉ የተነሳ ያህል ይሰማኛል። ኖታውን ሳይቆርጥ፣ ድምፁን ብቻ በደረጃ እያወረደ መልሶ እያነሳ በአንድ ቻናል ማሚቶ ለማስመሰል የሞከረ ካለ፣ ስንት ፍሬም ላይ እንዳወረደና እስከ ስንት እንዳወረደ ይጻፍልኝ። እኔ ከ12 ወደ 5 በስድስት ፍሬም ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ዛሬ ማታ በዘጠኝ ፍሬም እሞክራለሁ።