ማሽን ለርኒንግን ለባንክ ኃላፊዎች ማስረዳት፦ ከ20 ካርዶች የተማርኩት

ባለፈው ሳምንት ስለ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ካለፈ መዝገብ ደንብ ፈልጎ እንዲያወጣ ስለማድረግ) ለባንክ ኃላፊዎች የምሰጠውን ገለጻ ጨርሼ ላፕቶፔን ስዘጋ፣ አንድ የብድር ዘርፍ ኃላፊ ጠርተውኝ «ከእንግዲህ ማሽኑ ስንት በመቶ ትክክል ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ የትኛውን ስሕተት እንደሚያበዛ ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ይህን አነጋገር ከዓመት በላይ ስጠብቀው ስለነበር፣ እዚህ የደረስኩበትን መንገድ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ለምትገኙ ባልደረቦቼ ለማካፈል ወደድኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። የመጀመሪያው ገለጻዬ ከ40 በላይ ስላይዶች ነበሩት፤ የማሽን ለርኒንግ ፈር ቀዳጁ አርተር ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ዳማ ተጫዋች ፕሮግራሙ ካሳተመው ጽሑፍ ተነሥቶ እስከ ኒውራል ኔትዎርክ (የአእምሮን ነርቮች አያያዝ መነሻ አድርጎ እስከተሠራው የስሌት ስልት) ይዘልቅ ነበር። «እንደ ሰው አእምሮ ያስባል» የሚል ስላይድም ነበረበት። እርሱን ሳሳይ አንድ ዳይሬክተር «ካሰበማ፣ ሲሳሳት የሚጠየቀው ማን ነው?» አሉኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ያንን ስላይድ በማግሥቱ አጠፋሁት፤ ማሽኑን ከአእምሮ ጋር የሚያመሳስል ገለጻ ኃላፊዎችን ከማስገረም ወይም ከማስፈራት በቀር የሚፈይደው ነገር እንደሌለ ዛሬም አምናለሁ።

የስልቶቹን ዓይነት በተመለከተ አሁን የማነሣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ያለፈ መዝገብ አለን ወይስ የለንም? ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ የሚያሳይ የብድር መዝገብ ካለ ሥራው ሱፐርቫይዝድ ለርኒንግ ነው፤ መልስ የሌለው የደንበኞች ዝርዝር ብቻ ከሆነ ደግሞ ተመሳሳዮቹን ከመቧደን አያልፍም፤ የቡድኖቹን ስም የሚያወጣውም ማሽኑ ሳይሆን ሰው ነው። ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግን (ማሽኑ እየሞከረ ከሽልማትና ከቅጣት የሚማርበትን ስልት) ከመጀመሪያው ሰዓት ገለጻ ጨርሶ አውጥቼዋለሁ፤ ብድር ለሚያጸድቅ ሰው በዚያ ሰዓት የሚጠቅመው አይመስለኝም።

ዓመቱን የበላብኝ ግን «ስንት በመቶ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ትክክለኛነት በመቶኛ ሲነገር የፈተና ውጤት ስለሚመስል፣ 80 ያመጣው 70 ካመጣው እንደሚበልጥ ሁሉም ወዲያው ይቀበላል። በስላይድ፣ በግራፍና ትክክሉንና ስሕተቱን በየዓይነቱ በሚለይ ባለአራት ክፍል ሠንጠረዥ ለማስረዳት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ ወደ ወረቀት ተመለስኩ።

የባንኩን ደንበኞች መረጃ ለሥልጠና ማውጣት ተገቢ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጥ ግድ ሆኗል። ስለዚህ የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሃንስ ሆፍማን ያቀረቡትንና ለማንም ክፍት የሆነውን የጀርመን የብድር ዳታ ወሰድኩ። ዳታው የ1,000 ተበዳሪዎችን 20 መለያዎች የያዘ ሲሆን 700ዎቹ ጥሩ፣ 300ዎቹ መጥፎ ተበዳሪዎች ተብለዋል። ይህንኑ ምጣኔ ጠብቄ 20 ካርዶች አዘጋጀሁ፤ ከፊት የሒሳቡ ሁኔታ፣ የብድሩ ዓላማና መጠን፣ የመክፈያው ጊዜና የሥራ ዘመን፣ ከጀርባ ደግሞ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ተጽፏል። (የብድሩ መጠን በቀድሞው የጀርመን ገንዘብ በማርክ ስለነበር «አንድ ማርክ ስንት ብር ነው?» የሚለው ክርክር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወስዶብኛል፤ አሁን የገንዘቡን ስም ሰርዤዋለሁ።)

ኃላፊዎቹ አራት አራት ሆነው ካርዶቹን «ይሰጠው» እና «አይሰጠው» ብለው ይለያሉ፤ ካርዶቹን ከመገልበጣቸው በፊትም የተጠቀሙበትን ደንብ በጽሑፍ ያስረክቡኛል። ሞዴል ማለት ይህ የጻፉት ደንብ እንደሆነ፣ ማሽኑም ደንቡን ከመዝገቡ ራሱ ፈልጎ እንደሚያወጣ ስነግራቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ደንቡን ባላዩአቸው ሌሎች 20 ካርዶች መፈተንም ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ሰዓት እያጠረኝ ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ፤ እናንተ አትዝለሉት።

ቀጥሎ የነጥብ አቆጣጠሩ ይመጣል። ከዳታው ጋር አብሮ የተሰጠው የስሕተት ዋጋ ለመጥፎ ተበዳሪ ማበደርን 5፣ ጥሩውን መከልከልን 1 ያደርገዋል። ለ20ዎቹም ያበደረ ቡድን 14ቱን በትክክል ስላገኘ 70 በመቶ ትክክል ነው፤ ለ6ቱ መጥፎዎችም ስላበደረ ቅጣቱ ግን 6 በ5 ተባዝቶ 30 ነው። ሁሉንም የከለከለ 30 በመቶ ብቻ ትክክል ሆኖ ቅጣቱ 14 ነው። ለሦስት መጥፎዎች አበድሮ አንድ ጥሩ የከለከለ ቡድን 80 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ ቅጣቱ 16 በመሆኑ ግን ሁሉንም ከከለከለው እንኳ ብሷል። ለአንድ መጥፎ ብቻ አበድሮ አምስት ጥሩዎችን የከለከለው ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቡድን 70 በመቶ ትክክል ነው፤ ቅጣቱ ግን 10 ብቻ ነው። እነዚህን አራት ውጤቶች በፍሊፕ ቻርት ላይ በእጄ ስጽፋቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ጊዜ ግን ጸጥታውን የሰበሩ ሰው «እንግዲያውስ ባንኩን ዘግተን ቤታችን እንግባ!» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ሳቁ ተገቢ ነበር። ቅጣቱ የሚቆጥረው የስሕተትን ዋጋ ብቻ እንጂ የደመወዝና የቅርንጫፍ ኪራይን አይደለም፤ ዳታው ውስጥም መጥፎ ተበዳሪዎች ሆን ተብሎ እንዲበዙ ስለተደረገ 30 በመቶው የእውነተኛ ባንክ መልክ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ባለመናገሬ ገለጻው ሊበላሽብኝ ነበር።

ከሳቁ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን የዓመቱ ምርጥ ነበር፦ «አምስት ለአንድ ያለው ማን ነው?» በእርግጥም ይህን ቁጥር ለባንኩ ሊወስን የሚችለው እኔ አይደለሁም። ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ወለድ የተሰጠ 100,000 ብር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የሚታጣው ዋናው ገንዘብ ነው፤ ጥሩ ተበዳሪ ቢከለከል የሚቀረው ወለድ 18,000 ብር ነው፤ ምጣኔው ከአምስት ተኩል ይበልጣል። ማስያዣ ሲኖር ይቀንሳል፣ የተከለከለው ደንበኛ ከነቁጠባው ወደ ሌላ ባንክ ከሄደም እንዲሁ። ቁጥሩ አንዴ ከተወሰነ ግን የእኔ ሥራ ሒሳብ ብቻ ይሆናል፤ በአምስት ለአንድ፣ ላይከፍል የሚችልበት ዕድል ከስድስት አንድ ወይም ወደ 17 በመቶ ካለፈ ብድሩ አይሰጥም።

ኑዛዜዬም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለኮሚቴ ያቀረብኩት ሞዴል የመለያ መስመሩ፣ ማለትም ብድሩ የሚከለከልበት ያለመክፈል ዕድል፣ 50 በመቶ ነበር። ያንን የመረጠው ኮሚቴው አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም፤ ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚያመጣው ነው። 50 በመቶ ማለት ሁለቱን ስሕተቶች በእኩል ዋጋ መያዝ ማለት እንደሆነ እያወቅሁ፣ መቶኛው አምሮ ስለታየኝና ስለተጨበጨበልኝ ዝም አልኩ።

አሁን መስመሩን ለማስተካከል ምጣኔውን ከኃላፊዎቹ እየጠየቅሁ ነው። የሥጋት አስተዳደር ክፍሉ አሥር ለአንድ ይላል፤ የገበያ ክፍሉ ከሁለት ለአንድ አያልፍም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ስላይድ አላዘጋጀሁም፤ ሁለቱም ክፍሎች በየራሳቸው ምጣኔ እንዲለዩአቸው አንድ ዓይነት 20 ካርዶች ሁለት ሁለት ቅጂ አትሜያለሁ።