«ሁለቱንም አልፈልግም» ያለ ድምፅ ወዴት ይሄዳል?

አገራዊ ምርጫ ሲቃረብ አንድ ንግግር ይበዛል፤ «ሁሉም ያው ናቸው፣ ማንም ቢመረጥ የሚለወጥ ነገር የለም።» ይህን የሚሉት ሰዎች ፖለቲካ የማይገባቸው ወይም ግድ የሌላቸው አይደሉም። ብዙዎቹ ትላልቆቹን ፓርቲዎች ተራ በተራ መርጠው ተራ በተራ ያዘኑባቸው ናቸው። በቅሬታቸው አልከራከራቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ቅሬታው ኮሮጆ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። አንዱ አገር ወንበር ይሆናል፣ ሌላው አገር ከቆጠራው ውጭ ይጣላል፣ ሌላው ዘንድ ደግሞ ያስከፋው ፓርቲ ራሱ ያተርፍበታል። ይህን የሚወስነው የንዴቱ መጠን ሳይሆን የምርጫ ሕጉ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ከሚወስደው እርምጃ እንጀምር፤ ቤት መቅረት። በአንድ የምርጫ ክልል 100,000 ሰው ተመዝግቧል እንበል። 60,000 ወጥቶ ድምፅ ሰጠ፤ አንደኛው ዕጩ 24,000፣ ሁለተኛው 21,000፣ ሌሎቹ ተከፋፍለው 15,000 አገኙ። አሸናፊውን የመረጠው ከተመዘገበው ሕዝብ ሩብ አይሞላም፤ ያልመጣው 40,000 ሰው ከአሸናፊው ደጋፊዎች በእጅጉ ይበልጣል። ወንበሩ ግን ሙሉ ወንበር ነው፤ ብዙ ሰው ስለቀረ ተቀንሶ አይሰጥም። በ2024 በብሪታንያ ሌበር ፓርቲ በ33.7 በመቶ ድምፅ ከ650 ወንበሮች 411 አገኘ። የወጣው መራጭ ደግሞ 60 በመቶ ገደማ ነበር። ሁለቱ ሲባዙ ያንን ሰፊ አብላጫ የሠራው ከተመዘገቡት አምስት ሰዎች አንዱ ያህል ነው።

ቤት መቅረት ሌላም ጉዳት አለው፤ ይህኛው ብዙ አይነገርም። በብሪታንያም ሆነ በአሜሪካ ማን ወጥቶ ድምፅ እንደሰጠ የሚያሳይ መዝገብ አለ። ለማን እንደሰጠ ምስጢር ነው፤ መስጠት አለመስጠቱ ግን አይደለም፣ ፓርቲዎችም መዝገቡን ያገኙታል። ቅስቀሳ የሚያደርጉት ሰዎች የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ሲወስኑ ከዚህ መዝገብ ይነሣሉ። ጊዜውም ገንዘቡም ውስን ስለሆነ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ምርጫዎች የቀረ ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል። የቀረው ተቆጥቶ ይሁን ታሞ መዝገቡ አይለይም። መልእክት ላስተላልፍ ብሎ የቀረ ሰው፣ በሚቀጥለው ምርጫ የሚያነጋግረው እንኳ ያጣል። ፓርቲው ፖሊሲውን የሚቀርጸው በሚመጡት ሰዎች ልክ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሄዶ ወረቀቱን ባዶ መክተት ወይም ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ከመቅረት ይሻላል፤ ቢያንስ መምጣታችሁ ይመዘገባል። ሆኖም ኃይሉ አገር በአገር ይለያያል። በኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት ባዶ ድምፅ (እዚያ ወረቀቱ ላይ የራሱ ምልክት ማድረጊያ ያለው አማራጭ ነው) ከዋጋ ካላቸው ድምፆች ከግማሽ በላይ ከሆነ ምርጫው አንድ ጊዜ ይደገማል፣ ለፕሬዚዳንትነት የቀረቡት ዕጩዎችም ዳግም መቅረብ አይችሉም። እዚያ ባዶ ድምፅ ጥርስ አለው። በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሰጠው ውሳኔ «ከተዘረዘሩት ማንንም አልመርጥም» የሚል አማራጭ በድምፅ መስጫው ላይ ገባ። በ2024 በኢንዶር የምርጫ ክልል ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይህን አማራጭ መረጠ፤ ከአሸናፊው ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ዕጩው ግን ያለ ችግር ፓርላማ ገባ፣ ምክንያቱም በህንድ የፓርላማ ምርጫ ይህ አማራጭ አንደኛ ቢወጣ እንኳ ወንበሩ የሚሰጠው ከሰዎቹ መካከል ብዙ ድምፅ ላገኘው ነው። ብራዚል ውስጥ ደግሞ «ከግማሽ በላይ ወረቀት ከተበላሸ ምርጫው ይሰረዛል» የሚል ወሬ በየምርጫው ይነሣል። ስሕተት ነው። ባዶውና የተበላሸው ከስሌቱ ይወጣል፣ መቶኛው በቀረው ላይ ይሰላል። ማለትም ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የድምፅ ብዛት ይቀንሳል፤ የተቃወማችሁት ዕጩ ቀለለለት ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ መልእክት መጻፍ ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። በብሪታንያ አሠራር የተበላሹት ወረቀቶች በምክንያታቸው ተለይተው ይቆጠራሉ፤ ከአንድ በላይ ዕጩ የተመረጠበት፣ መራጩን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት፣ ባዶ ወይም የመራጩ ፍላጎት የማይታወቅበት። ጽሑፉን የሚያዩት የቆጠራው ኃላፊና የዕጩዎቹ ወኪሎች ናቸው፤ ከዚያ ታሽጎ ይቀመጣል። ሕዝብ የሚሰማው ቁጥሩን እንጂ ቃሉን አይደለም። ቁጥሩም በስሕተት ካበላሹት ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚነገረው። ፈረንሳይ ከ2014 ጀምሮ ባዶውን ከተበላሸው ለይታ ታስታውቃለች፤ በ2017 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር ሁለቱ ተደምረው ከአራት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። አሸናፊውን ለመለየት ግን አሁንም አይቆጠሩም።

ሦስተኛው መንገድ ትንሽ ወይም አዲስ ፓርቲ መምረጥ ነው። ብዙ ተስፋ የሚወለደውም ብዙ ድምፅ የሚባክነውም እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ወጥመዱ ሦስት ዓይነት ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት በአገሪቱ ሁሉ የተበተነ ድምፅ ዋጋው ትንሽ ነው። በዚያው በ2024ቱ የብሪታንያ ምርጫ ሪፎርም ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 ወንበር ወሰደ፤ ሊበራል ዴሞክራቶች በ12.2 በመቶ 72 ወሰዱ። ያነሰ ድምፅ ያገኘው ብዙ ወንበር የወሰደው ድምፁ በተወሰኑ ክልሎች ስለተከማቸ ነው።

ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር በሚያገኙበት በተመጣጣኝ ውክልና ደግሞ ወጥመዱ ዝቅተኛው የመግቢያ መቶኛ ነው። ጀርመን ውስጥ 5 በመቶ ነው። በ2025 የዛራ ቫገንክኔክት ፓርቲ 4.98 በመቶ አግኝቶ ውጭ ቀረ። ከሁሉ የከፋው የቱርክ የ2002 ምርጫ ነው። ሕዝቡ ከ2001ዱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ በነባሮቹ ላይ ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር፤ መንግሥቱን ይመራ የነበረው ፓርቲ ከ22 በመቶ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረደ። የመግቢያው ገደብ ግን 10 በመቶ ነበር፣ የተቆጣው ድምፅም በብዙ ፓርቲዎች ተበተነ። ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ገደቡን አለፉ፤ 34 በመቶ ያገኘው ፓርቲ ከ550 ወንበሮች 363ቱን ወሰደ። ከመቶው ድምፅ 45 ያህሉ ምንም ወንበር ሳያፈራ ቀረ። ንዴቱ የድሮዎቹን ጠራርጓል፤ በምትካቸው ግን የመራጩን መልክ ያልያዘ ፓርላማ አስቀመጠ።

ሦስተኛው የሁለት ዙር ሥርዓት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱ ቀዳሚዎች ዳግም ይወዳደራሉ። «በመጀመሪያው ዙር ልቤ የፈቀደውን እመርጣለሁ፣ በሁለተኛው ደግሞ አስቤ» የሚለው አነጋገር ጥሩ ይመስላል። በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ 16 ዕጩዎች ቀርበው የግራው ድምፅ ተበታተነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊዮኔል ዦስፓን በ16.18 በመቶ ሦስተኛ ሆነው ወደቁ፣ የቀኝ ጽንፉ ዣን ማሪ ለፔን በ16.86 አለፉ። ልዩነቱ ከ200 ሺህ ድምፅ ያነሰ ነበር። የግራ መራጮች በሁለተኛው ዙር ቀኙን ዣክ ሺራክን ለመምረጥ ተገደዱ፤ ሺራክ ከ82 በመቶ በላይ አገኙ።

እንግዲህ ትንሽ ፓርቲ አትምረጡ ማለቴ አይደለም። ከመወሰናችሁ በፊት የራሳችሁን የምርጫ ክልል ቁጥር ተመልከቱ እንጂ። ካለፉት ሁለት ምርጫዎች ውጤት አራት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ የተመዘገበው፣ ዋጋ ያለው ድምፅ፣ የተበላሸው፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚያስፈጽመው አካል በየክልሉ ያወጣዋል። ላይ ባነሣሁት ምሳሌ ልዩነቱ 3,000፣ ያልመጣው 40,000 ነው። ከቀሪዎቹ ከመቶ ስምንቱ ተስማምተው ቢወጡና ሁለተኛውን ቢመርጡ ውጤቱ ይገለበጣል፤ እንዲህ ያለ ክልል ውስጥ ዕጩዎቹ ስለ እያንዳንዱ ድምፅ ይጨነቃሉ፣ በጽሑፍ ቃል እንዲገቡ መጠየቅም የሚቻለው ያኔ ነው። ሦስተኛው ፓርቲ ካለፈው በፊት 6,000፣ ባለፈው 12,000 አግኝቶ ከሆነ ዕድገት አለው፤ 2,000 ላይ ከቆመ ድምፁ ወንበር ለማምጣት ሳይሆን አቋም ለማስመዝገብ ነው፣ ይህን አውቆ መስጠት ይቻላል። አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙዎቹ ያልወሰኑትን አውጥተው የቀረውን መቶ በመቶ ያደርጉታል፤ የእናንተን ክልልም ለይተው አያሳዩም።

ልዩነቱ 3,000 ሳይሆን 25,000 ሆኖ ካገኛችሁትስ? ያ ወንበር በምርጫው ቀን አይወሰንም ማለት ነው። የሚወሰነው ጠንካራው ፓርቲ ዕጩውን በሚለይበት ጊዜ ነው፣ እዚያ ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ፓርቲውን የጠላ ሰው በአባልነት ቀርቦ ዕጩን ማስቀየር እንደ ክህደት ሊታየው ይችላል፤ ሆኖም በእንዲህ ያለ ክልል አንድ ድምፅ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የሚከብደው በዚህ ደረጃ ነው። ችግሩ ቀኑ ማለፉ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች በዕጩ መለያው ምርጫ የሚሳተፈው በፓርቲው መራጭነት የተመዘገበ ብቻ ነው፤ አባላት ዕጩ በሚመርጡባቸው ፓርቲዎችም አዲስ አባል ድምፅ እንዲኖረው የተወሰነ ጊዜ መቆየት ይጠየቃል። ሰው የሚናደደው የምረጡኝ ቅስቀሳው ሲጀመር ነው፤ በሩ የሚዘጋው ግን ከወራት በፊት ነው።

ሌላ መንገድም አለ፤ የግል ዕጩ ማውጣት። በጣም የማደንቀው ምሳሌ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የሚገኘው የኢንዳይ ምርጫ ክልል ነው። ለወግ አጥባቂዎቹ የተረጋገጠ ይባል ነበር። ነዋሪዎቹ ዕጩ ከመፈለጋቸው በፊት በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው ከተወካይ ምን እንደሚፈልጉ ተነጋገሩ፣ የተነገረውን ጻፉ፣ ከዚያ ነው ሰው ያቀረቡት። በ2013 ካቲ ማክጋዋን በ439 ድምፅ አሸነፉ። በመጀመሪያው ቆጠራ ሁለተኛ ነበሩ፤ ያሸነፉት መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጥና የወደቁት ዕጩዎች ድምፅ ወደ ቀጣዩ ምርጫቸው ስለሚዛወር ነው። ተራ አብላጫ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም በሁለተኛነት ባበቃ ነበር። በ2019 ወንበሩን ሌላዋ የግል ዕጩ ሄለን ሄይንስ ያዙት።

ደንቡ ራሱ ፍትሐዊ ካልሆነስ? ኒውዚላንዳውያን ያደረጉት አለ። በ1978ም በ1981ም ከአገሪቱ ሁለት ትላልቅ ፓርቲዎች ሌበር ብዙ ድምፅ አግኝቶ ናሽናል ብዙ ወንበር ወሰደ። በ1981 ሶሻል ክሬዲት የተባለው ሦስተኛ ፓርቲ 20.7 በመቶ አግኝቶ ከ92 ወንበሮች 2 ብቻ ደረሰው። ከዚያ ሁለቱም ትላልቅ ፓርቲዎች ተራ በተራ ሥልጣን ይዘው ሕዝቡ ያልጠበቀውን የኢኮኖሚ ለውጥ አመጡ፤ መራጩ ከሁለቱም ተቆረጠ። በ1986 አጣሪ ኮሚሽን ተመጣጣኝ ሥርዓት እንዲመጣ ሐሳብ አቀረበ፣ በ1992 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 84.7 በመቶ ለውጥ ይሁን አለ፣ በ1993 53.9 በመቶ አዲሱን ሥርዓት አጸደቀ፤ በ1996 የመጀመሪያው ምርጫ በእሱ ተካሄደ። ከ1981 እስከዚያ 15 ዓመት ፈጅቷል።

ዛሬ እዚያ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱ ለፓርቲ፣ አንዱ ለአካባቢው ተወካይ። ፓርላማው ውስጥ የፓርቲዎቹን ድርሻ የሚወስነው በዋናነት የፓርቲው ድምፅ ነው፤ ለመግባት 5 በመቶ ወይም አንድ የአካባቢ ወንበር ይበቃል። ትልቁን ፓርቲ የማይወድ ነገር ግን በአካባቢው የቀረበውን ዕጩውን የሚያከብር ሰው፣ ለሰውየው አንዱን ድምፅ ሰጥቶ ሌላውን ለትንሽ ፓርቲ ይሰጣል፤ ወረቀቱም አይበላሽም።