ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው የት ይግባ?

ቦሌ አራብሳ ያለው የኮንዶሚኒየም እድራችን የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እያዞረ ነው። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሰፈር ውስጥ «የኮምፒውተሩ ልጅ» መባል ዕዳ አለው። ፕሮግራሙን መጻፉ አያስቸግርም። ጊዜ የሚበላው ስለ አንድ ሰው ዳታቤዙ (የኮምፒውተሩ መዝገብ) ላይ ምን ምን ፊልድ (መሙያ ቦታ) ይኑር የሚለው ነው።

ዝግጁ ሆነው የሚመጡት የውጭ ቅጾች ፈርስት ኔም እና ላስት ኔም ብቻ ነው የሚያውቁት። ላስት ኔም ላይ አንዱ አባቱን ይጽፋል፣ ሌላው አያቱን። ከዚያ ፕሮግራሙ በላስት ኔም ይደረድርና ግማሹ እድርተኛ በአያቱ ስም ተሰልፎ ቁጭ! በአያቱ የሚጠራ ማን አለ? ባልና ሚስትም የጋራ ስም ስለሌላቸው ቤተሰብን በስም ማገናኘት አይሆንም። እኔ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብዬ ሦስት ቦታ ለየሁ። ቤተሰቡን የሚያያይዘው የአባልነት ቁጥሩ ነው። ኃይለ ማርያም የሚባል ሰው ሲመጣ ክፍተቱ ላይ ለሁለት እንዳይቆረጥም ሦስቱ ለየብቻ ይሞላሉ።

ጸሐፊያችን «ዓለሙ» ብለው የመዘገቡትን ገንዘብ ያዣችን «አለሙ» ብሎ ይፈልገዋል። ስሙ ባለቤቱ በሚጽፈው ፊደል ይቀመጣል። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን የተደበቀ ፊልድ አለ፤ እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ።

ዋናው ጣጣ የልደት ቀን ነው። የዳታቤዝ የቀን ፊልድ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለህ ስታስገባ «ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነገር የለም» ይልሃል። ይሄስ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይናገራል። የሚያስፈራው የካቲት 30 ነው። 30/6 ብትለው ትንፍሽ ሳይል ጁን 30 አድርጎ ይይዘዋል። ጳጉሜ ላይ የተወለደማ 13ኛ ወር ስለሌለ መግቢያም የለው። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በእኛው አቆጣጠር በሦስት የቁጥር ፊልድ ተያዙ። ቀንና ወሩ ባዶ መሆን ይችላሉ።

ለምን ባዶ? አንዲት ጎረቤታችንን ብጠይቃቸው «አብዮቱ ሲፈነዳ ድክ ድክ ትይ ነበር ይሉኛል፣ እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉኝ። 1965 ጻፍኩና «ግምት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ቅጹ ሙሉ ቀን ካልሰጠኸኝ አላልፍም ቢል ኖሮ መስከረም 1 ተብሎ ያልፍ ነበር። ስንቱ መዝገብ በመስከረም 1 ልደቶች እንደታጨቀ የቀበሌ ፋይል ያየ ያውቀዋል።

ስልክ በጽሑፍ ይያዝ፤ ቁጥር ካደረግከው ፊት ያለችዋን 0 ይውጣታል። «በ09 ካልጀመረ አልቀበልም» የሚል ማጣሪያም ይቅር፣ የሳፋሪኮም 07 አለ። ለአድራሻ ብሎክና የቤት ቁጥር ይበቃል። ክፍለ ከተማን በየአባሉ መጻፍ አልፈለግሁም፤ ለሚ ኩራ በ2013 ሲቋቋም የሰፈራችን ሰው ከአልጋው ሳይነሳ ከቦሌ ክፍለ ከተማ ወጥቷል።

አሁን ኮሚቴው ሃይማኖትና የፋይዳ ቁጥር ይጨመር ይላል። ሃይማኖቱ ለምን ስላቸው «ለቀብሩ» አሉኝ። እሱን ግን በዕለቱ ቤተሰቡ ይነግረናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሃይማኖትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ውስጥ ነው ያስገባው። የፋይዳውን 12 አሃዝ ደግሞ እድሩ ምን ሊሠራበት? መዝገቡ ያለው ሰብሳቢያችን ቤት፣ ልጆቻቸው ጌም የሚጫወቱበት ላፕቶፕ ላይ ነው።

ሁለቱንም አላስገባሁም። ሰብሳቢያችን «ኋላ ያስፈልገን ይሆናላ» ብለዋል። ሲያስፈልግ ፊልድ መጨመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አልኳቸው፣ አልተዋጠላቸውም። እሑድ ስብሰባ ላይ እንከራከራለን።